«የቱርክ ፊልም አበላሸሽ» ይለኛል

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። 36 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ 13 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 8። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 14 ዓመት ሆኖናል። እሱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። እኔ ደግሞ ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ።

ነገሩን ሲሰሙት ያስቅዎ ይሆናል። የተጣላነው በቱርክ ፊልም ነው።

«ጥቁር ፍቅር» በካና ሲታይ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ አላቆምኩም። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ፀጉር ቤትም ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነው የሚውለው። ካስክ ውስጥ ያለችው ደንበኛ ሳትቀር «ድምፁን ጨምሪው እንጂ!» ትለኛለች። ማታ ደግሞ እቤት ከልጄ ጋር አያለሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ለአጎቴ ሞት ያላለቀስኩትን ለፊልሙ ጀግና ለከማል አልቅሻለሁ።

ባለቤቴ መጥፎ ሰው አይደለም። አይጠጣም፣ አይማታም፣ ቤቱን አያጎድልም። ግን አያወራም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል፣ እራቱን ይበላል፣ ስልኩን ይዞ ሶፋው ላይ ጋደም ይላል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ዶላር ከጨመረ ወዲህ ገበያ የለም ይላል። ከዚያ በላይ አያብራራም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሠርግ የሚሄዱ ሴቶች ስሠራ ውዬ እግሬ አብጦ ገባሁ። ቀና ብሎም አላየኝም። «አንድ ቀን እንኳ እንዴት ዋልሽ ብለኸኝ ታውቃለህ?» አልኩት። ዝም። «ወንድ ሴትን እንዴት እንደሚያይ ከማልን እይ!» አልኩት። ይሄን ባልል ይሻል ነበር። «አንቺን የቱርክ ፊልም ነው ያበላሸሽ!» ብሎ ጮኸ። ስልኬን ነጥቆ ስክሪኑ ላይ ያለውን የከማልን ፎቶ ለልጆቹ አሳያቸው። «እናታችሁ ያገባችው ይሄን ነው» አላቸው። ከዚያ መልእክቶቼን እየከፈተ ማንበብ ጀመረ። በነጋታው ጠዋት ሪሲቨሩን ነቅሎ ወደ ሱቁ ይዞት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ከ«ብር ስጠኝ» እና «በሩን ዝጊ» ያለፈ ወሬ የለንም። ያስደነገጠችኝ ግን ልጄ ናት። «እማዬ፣ ስልክሽን ያየው እኮ ስለሚቀና ነው። ስለሚወድሽ ነው» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

እህቱ «ተይው፣ ዝም በይ፣ ያልፋል» ትለኛለች። ደንበኞቼ «ሌላ ሪሲቨር ገዝተሽ ግቢ!» ይሉኛል። እውነት ፊልሙ አበላሽቶኝ ይሆን? ሪሲቨሩን ላስመልስ ወይስ ልተወው? ለልጄስ ምን ልበላት?

ሐ. ነኝ፣ ከአዳማ

*

እህቴ ሐ.፣

የእናንተ ነገር አላሳቀኝም። የአጎትሽ ነገር ግን ፈገግ አሰኝቶኛል፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ሪሲቨሩ ቢወሰድም ፊልሙ አልቀረብሽም አይደል? ፀጉር ቤት ቀኑን ሙሉ እያየሽው ነው። እንግዲያው ሦስት ሳምንት ያንገበገበሽ ነገር ሌላ ነው። የሁለታችሁ ቤት ዕቃ ሳትጠየቂ ተነቅሎ ሄደ። ስልክሽ በልጆችሽ ፊት ተበረበረ። ከሁለቱም በፊት ደግሞ እግርሽ አብጦ ስትገቢ ያየሽ ሰው አልነበረም። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ ትልቁ ቅሬታ ይሄ የመጨረሻው መሰለኝ። ተሳስቼ ከሆነ ንገሪኝ።

ፊልሙ አበላሽቶኝ ይሆን ብለሻል። «እንዴት ዋልሽ» መባልን መፈለግ ከኢስታንቡል የመጣ አመል አይደለም። እኛ አገር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠያየቅ አይተላለፍም። ባለቤትሽም ቢሆን ሱቁ የገባውን ደንበኛ «እንዴት ዋልክ፣ ሰላም ነው?» ሳይል አንዲት ብሎን አይሸጥም። ቤቱ ሲደርስ ነው የሚያልቅበት። ስለዚህ የጠየቅሽው የቅንጦት ነገር አይደለም። እናትሽም አያትሽም ቴሌቪዥን ሳያዩ ይሄንኑ ይፈልጉ ነበር። ጮክ ብለው አልጠየቁ ይሆናል እንጂ።

ግን «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ብለሻል። ድሮ እንዴት ነበር? ማን ነበር ወሬ የሚጀምረው? መቼ ቆመ? መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺ፤ እሑድ ያስፈልግሻል፣ እነግርሻለሁ።

እኔ ዶላሩ ላይ ቆም ብያለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን እንደደረሰበት አንቺም የፀጉር ቅባትና ቀለም ስትገዢ ታውቂዋለሽ። የእሱ ሱቅ ደግሞ ከፍሬን ሸራው እስከ ኩሽኔታው ከውጭ የሚገባ ነው። ዛሬ የሸጠውን ነገ በዚያው ገንዘብ መልሶ መግዛት ያቃተው ነጋዴ ማታ ቤቱ ገብቶ ምን ያወራል? ብዙ ወንድ ኪሱ ሲሳሳ አፉም አብሮ ይዘጋል። ለሚስቱ «ከሰርኩ» ማለት ሞት ይመስለዋል። ይሄን የምልሽ ያደረገውን ልሸፍንለት አይደለም። ሪሲቨር በመንቀል ዶላር አይወርድም። ግን «ከዚያ በላይ አያብራራም» ስትዪኝ ስንት ጊዜ እንደጠየቅሽው ማወቅ አማረኝ። ደግሞስ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ከፍቶ ሲገባ ያንቺ ዓይን የት ነበር? እሱ ላይ ወይስ ቴሌቪዥኑ ላይ? ምናልባት ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ጥያቄ ትጠብቁ ነበር፤ ቀድሞ የሚጠይቅ ጠፍቶ ነው።

ወደ ከማል እንሂድ። እኔም አይቼዋለሁና ሐሜት አይሆንብኝም።

«ጥቁር ፍቅር» በደንብ የተሠራ ፊልም ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት በቴሌኖቬላ ዘርፍ የወሰደው በከንቱ አይደለም። በአማርኛ ድምፅ የሰጡት ልጆቻችንም አሳምረውታል፤ ከማል ሲናገር የሰፈር ልጅ ይመስላል። ግን ያ ያስቀናሽ አስተያየት ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ። ቱርክ ውስጥ እንዲህ ያለ ፊልም የሚታየው በሳምንት አንዴ ነው። አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ይደርሳል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ለእኛ የሚመጣው ተቆራርጦ ነው። በየሳምንቱ አንድ የሲኒማ ፊልም የሚያህል ነገር ሠርተው ማድረስ አለባቸው ማለት ነው። ተዋናዮቹና ደራሲዎቹ ራሳቸው በርዝመቱ ሲያማርሩ ኖረዋል። ያን ሁሉ ሰዓት ደግሞ በንግግር ብቻ መሙላት አይቻልም። ስለዚህ ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆማል። ሙዚቃው ይገባል። ከማል ያያታል። ፍቅረኛው ኒሃን ታየዋለች። እንደገና እሱ ያያታል። ባለቤትሽ ያን ያህል ጊዜ አፍጥጦ ቢያይሽ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ነበር የምትዪው።

ሌላም አለ። ከማልንና ኒሃንን ያን ሁሉ መከራ ያበላቸው ምን ነበር? የኒሃን ባል ኤሚር ነው ትዪኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። ግን ኤሚር ብቻውን ያን ሁሉ አይችልም ነበር። ኒሃን ኤሚርን ያገባችው ወንድሟ ኦዛን በነፍስ ግድያ እንዳይጠየቅ ብላ ነው። ለከማል አልነገረችውም። እሱ ደግሞ ተከዳሁ ብሎ ዞንጉልዳክ ወደሚባለው የከሰል ማዕድን አገር ሄደ። አምስት ዓመት! አንድ ማታ ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ ኖሮ ታሪኩ ገና ሲጀመር ያልቅ ነበር። ደራሲው ዝምታቸውን ይፈልገዋል፤ አለበለዚያ 74 ክፍል በምን ይሞላል? አንቺና ባለቤትሽ ግን የምትሞሉት ክፍል የለባችሁም።

ስለዚህ «ከማልን እይ» ያልሽው ቃል እንዴት እንደተሰማው ለመገመት አይከብደኝም። ገልብጠሽ እይው። እሱ የአንዷን ቆንጆ ተዋናይት ፎቶ ስልኩ ላይ ለጥፎ፣ አንቺ ደክመሽ በገባሽበት ማታ «ሴት ማለት እሷን እይ» ቢልሽስ? እኔ ብሆን ሪሲቨሩን ብቻ ሳይሆን ቴሌቪዥኑንም የምነቅል ይመስለኛል። ተናዶ መጮሁ ይገባኛል። ስልክሽን በልጆች ፊት መበርበሩ ግን አይገባኝም። ያ ስድብሽን መመለስ አይደለም፣ ማዋረድ ነው። እንዳለፈ ነገር ልታልፊው አይገባም፤ ምክንያቱም ልጅሽ አይታዋለች።

ከደብዳቤሽ ሁሉ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የእሷ ነገር ነው። ልጅቷ ከራሷ አላመጣችውም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። በእነዚህ ፊልሞች የሚቀና ወንድ ሁልጊዜ የሚወድ ወንድ ነው። ክንዷን ጨምድዶ ይዞ ግድግዳ ያስደግፋታል። ስልኳን ይነጥቃታል። ሥራ ቦታዋ ድረስ ይመጣል። «ከማን ጋር ነበርሽ?» ይላል። እሷ ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ቀጥሎ ይሳሳማሉ። በ13 ዓመት ልጅ ጭንቅላት ይሄ ሲደጋገም ሕግ ይሆናል።

አንድ ዘዴ ልስጥሽ። ገንዘብ አያስወጣም። አብራችሁ ስታዩ እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርስ ሪሞቱን አንሺና ድምፁን አጥፊው። ምንም አትናገሪ፣ ዝም ብላችሁ እዩት። ሙዚቃው ሲጠፋ ያ ሰውዬ አፍቃሪ መምሰሉ ይቀራል። የተቆጣ ጎልማሳ አንዲት ሴት በር ላይ ዘግቶ የቆመ ይሆናል፤ ፊቷም የፈራ ሰው ፊት ነው። ልጅሽ ራሷ «ኧረ ያስፈራል» ትልሻለች። ካላለችም ጠይቂያት። «ኤሚር ኒሃንን የሚከታተላት፣ የሚሰልላት፣ መውጫ መግቢያ የሚያሳጣት ስለሚወዳት ነው?» በያት። «ይቀናል፤ ታዲያ ኒሃን ከእሱ ጋር ደስ ብሏት ታውቃለች?» መልሱን እሷ ትስጥሽ። አንቺ ከሰጠሻት ምክር ይሆናል፣ ምክር ደግሞ በዚያ ዕድሜ አይዋጥም።

ይሄን ስል ፊልሞቹን በጅምላ እየወቀስኩ እንዳይመስልሽ። ካና በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር «ባህላችንን ሊያጠፋ ነው» የተባለውን ታስታውሺ ይሆናል። ባለቤትሽም «አበላሸሽ» ሲል ያንኑ ነው የሚደግመው። ግን «ካልቀና አይወድም» ስትባል ያላደገች ሴት እስቲ እጇን ታውጣ! እሱን ቱርኮች አላስተማሩንም። ቱርኮቹም ቢሆኑ ስለ ሴት የሚያሳዩት አንድ ዓይነት ነገር ብቻ አይደለም። ከ2010 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. አገራቸውን ያነጋገረ «ፋትማጉል» የሚባል ፊልም አላቸው። በቡድን የተደፈረች ልጅ ነገሩ እንዲዳፈን ተብሎ በቦታው ከነበሩት አንዱን እንድታገባ ትገደዳለች። ከዚያ ግን አንገቷን ደፍታ አልቀረችም፤ እስከ ፍርድ ቤት ተከራከረች። በኋላ ባሏን መውደዷ እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ታሪኩ ግን ለእኛ እንግዳ ነው? በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ሴት የጠለፈ ሰው ካገባት ከክስ ይተርፍ ነበር እኮ። ያ ነገር የቀረው በ1997 ዓ.ም. አዲሱ የወንጀል ሕግ ሲመጣ ነው። ቱርክም የራሷን ተመሳሳይ አንቀጽ የጣለችው በዚያው ሰሞን ነው። ጓዳችን ከጓዳቸው ያን ያህል አይራራቅም።

ለልጅሽ ምን ትያታለሽ? አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦ «ያኔ ስልኬን ያየው ስለሚወደኝ ነው ብለሽኝ ነበር። አባትሽ ይወደኛል። ያን ማታ ግን ያን ያደረገው ተናዶ ነው። ልክም አልነበረም። እኔም የተናገርኩት ልክ አልነበረም። አንቺ ስታድጊ ስልክሽን የሚነጥቅ ሰው ቢያጋጥምሽ ወደደኝ እንዳትዪ።» በቃ። አባቷን አታስጠሊያት፣ ጠበቃም አትሁኝለት። ከዚያ በላይ ሊነግራት የሚገባው እሱ ራሱ ነው።

አሁን ሥራው። ሪሲቨር ገዝተሽ እንዳትገቢ። ደንበኞችሽ እየወደዱሽ ነው የሚመክሩሽ፣ ግን ማታ እቤት የምታድሪው አንቺ ነሽ። ሁለተኛ ሪሲቨር ይዞ መግባት ጦርነት ማወጅ ነው፤ ሦስተኛውን እሱ ይነቅላል፣ አራተኛውን አንቺ ትገዣለሽ። የእህቱን «ዝም በይ» ደግሞ ከዚህ በፊትም ሞክረሽው ነበር፤ ሞልቶ የፈሰሰው እኮ ያ ዝምታ ነው።

የከማልን ፎቶ ከስልክሽ ላይ አንሺው። እሱ ስላዘዘሽ አይደለም፤ አላዘዘሽምም። የልጆችሽ ፎቶ ይግባበት። ይሄን ስታደርጊ አታሳውቂው፣ አታስታውቂበት።

ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት ምረጪ። ማታ አይሁን፤ ማታ ሁለታችሁም ደክማችኋል። ልጆቹን ጎረቤት ወይ ዘመድ ጋር ላኪያቸው። ቡና አፍይ። የመጀመሪያው ወሬ ስለ አንቺ አይሁን። «ሱቁ እንዴት ነው? እውነቱን ንገረኝ፣ ምን ያህል ዕዳ አለብን?» በዪው። «አለብህ» ሳይሆን «አለብን»። ከዚያ ስሚው። ስለ ኩሽኔታ ዋጋ ግማሽ ሰዓት ቢያወራ ግማሽ ሰዓት ስሚው። አሰልቺ ከሆነ ያው በሦስት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያው ወሬያችሁ ነው፣ ይቻላል።

ተራሽ ሲደርስ እንዲህ ልትዪው ትችያለሽ፦ «ከሰው ጋር በማወዳደሬ ጥፋተኛ ነኝ። ግን ያን ቀን እግሬ አብጦ ነው የገባሁት። እንድታየኝ ነበር የፈለግሁት።» ትንሽ ጠብቂ። ከዚያ፦ «ስልኬን ልጆቹ ፊት መክፈትህ ደግሞ አሳፍሮኛል። ልጃችን ይሄ ፍቅር ነው አለችኝ። ነገ የእሷን ስልክ የሚከፍት ሰው ቢመጣ ደስ ይልሃል?» የሴት ልጅ አባት ይሄን ጥያቄ እንደዋዛ አያልፈውም። ለልጆቹ «ያን ማታ አጥፍቻለሁ» እንዲላቸው ጠይቂው። ሁለት ደቂቃ አይወስድበትም፤ ለልጅሽ ግን ከኔ ምክር ሁሉ ይበልጣል። የከማልን ስም በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ አታንሺ።

ስለ ሪሲቨሩ የምትናገሪው መጨረሻ ላይ ነው። «ይመለስልኝ» አትበዪ፣ የጋራ ዕቃችሁ ነው። «በሳምንት ሁለት ማታ አንድ ፊልም ልይ፣ አንተም ኳስህን እይ፣ ሌላውን ማታ እናውራ» የሚል ነገር ይዘሽ ቅረቢ። ቀኖቹን እሱ ይምረጥ። እራት ላይ የሁለታችሁም ስልክ ቡፌው ላይ ይቀመጥ፤ የአንቺም ጭምር። በመጀመሪያው ሳምንት ወሬ ይጠፋባችሁ ይሆናል። ፀጉር ቤት ከምትሰሚው ሐሜት አንዷን አምጪለት፤ ወንዶች ሐሜት አይወዱም የሚለውን አትመኚ።

እሑድ አልሆነም እንበል። ተነስቶ ወጣ፣ ወይም «ይሄንንም ከፊልም ተምረሽ ነው» አለሽ። አትከተይው፣ አትጩሂም። ሌላ ቀን አንድ ጊዜ ሞክሪ። ሁለተኛውም ካልሆነ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሰው ፈልጊ፤ የነፍስ አባታችሁ፣ የሠርጋችሁ ሚዜ፣ የእሱ ታላቅ ወንድም። እህቱ አትሁን፤ መልሷን አስቀድማ ሰጥታሻለች።

አይማታም ብለሻል፣ አምኜሻለሁ። ነገሩ በሪሲቨሩ ካቆመ የሁለት የደከሙ ሰዎች ጠብ ነው። ስልክሽን መበርበሩ ልማድ ከሆነ፣ የፀጉር ቤቱን ገንዘብ አምጪ ማለት ከጀመረ፣ ወይም «ሥራውን ተይ» ካለሽ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ያን ጊዜ ለቤተሰብሽ ንገሪ፤ በወረዳችሁ የሴቶች ጉዳይ ቢሮም ሄደሽ አማክሪ። እጁን ካነሳ ደግሞ ሽማግሌ አትጠብቂ፤ ልጆችሽን ይዘሽ እናትሽ ጋር ሂጂና ከዚያ ሆነሽ አስቢበት።

የእሑዱ ወሬ እንዴት እንደሄደ ጻፊልኝ። እሱም የሚለው ነገር ካለው ይጻፍ፤ የሱንም አወጣለታለሁ።